«ቻይው» እና «ጽኚ» አንድ አይደሉም
በማኅበራችን ጉባኤ ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር

 

አስተባባሪዎቻችን «በእምነትና በአገልግሎት ስለ መጽናት ተናገሪ» ሲሉኝ ርዕሱን ከሜዳ አላነሱትም። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት እኅቶቻችን «ከእንግዲህስ አልችልም» ብለው ከአገልግሎት ለመውጣት ለኮሚቴው ነግረዋል። አንደኛዋን ባለቤቷ «ወይ ቤትሽን ወይ ማኅበርሽን ምረጪ» ብሏታል። ሁለተኛዋ የታመመ ለመጠየቅና የታሰረ ለመጎብኘት ስትመላለስ፣ ሰፈሩ «ሥራ ፈት» የሚል ስም አውጥቶላታል። ሦስተኛዋ ደግሞ በገዛ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ «አንቺ ማን ነሽና ታስተምሪያለሽ?» ተብላለች። ስማቸውን አላነሣም፤ ግን ሦስቱም እዚህ እንደተቀመጡ አውቃለሁ። ዛሬ የምናገረው በመጀመሪያ ለእነሱ ነው።

እኛ ሴቶች ስለ መጽናት ምክር አጥተን አናውቅም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው አንድ ቃል አለ፤ «ቻይው» የሚል። ባል ሲከፋ «ቻይው»፣ አማት ስታስቸግር «ቻይው»፣ ሰው ሲሳደብ «ቻይው»። ታዲያ በቤተ ክርስቲያን «በእምነትሽ ጽኚ» ስንባል ብዙዎቻችን የምንሰማው ያንኑ «ቻይው» ነው። እኔ ግን ሁለቱ አንድ አይመስሉኝም። መቻል የተጫነብሽን መሸከም ነው። መጽናት ግን የተሰጠሽን ሥራ አለመጣል ነው። ሸክሙ የሌላ ሰው ክፋት ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን የእግዚአብሔር ነው። ይህን ልዩነት በቃል ብቻ ከማስረዳ በአገራችን የኖሩ ሦስት ሴቶችን ላንሣላችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

የመጀመሪያዋ ወለተ ጴጥሮስ ናት። በ1592 ተወለደች። ከትልቅ ቤተሰብ ስለነበረች የአፄ ሱስንዮስ አማካሪ የነበረውን መልክአ ክርስቶስን አገባች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ። ባሏን ትታ ስትሄድ እርሷን ለማስመለስ ሲል የተጠጋችበትን ከተማ አጠፋ። በእርሷ ምክንያት ሌላ ሰው እንዳይጎዳ አብራው ተመለሰች። በኋላ ግን የጊዜው ጳጳስ አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏ እጁ እንዳለበት ስታውቅ፣ በ1617 በ25 ዓመቷ ለመጨረሻ ጊዜ ተለየችውና መነኮሰች።

ዘመኑን ታስታውሳላችሁ። አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ትምህርት የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩም እንዲቀበል ያዘዙበት ጊዜ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ የአባቶቿን እምነት አልተውም አለች። ለራሷ ብቻ ይዛ ብትቀመጥ ምናልባት ማንም ባልነካት፤ እርሷ ግን እየዞረች አስተማረች። በ1621 በንጉሡ ፊት ቀርባ እንዳታስተምር ተከለከለች። ወጥታ እንደገና አስተማረች። በ1625 ሁለተኛ ተከሰሰች። ያን ጊዜ ሞት እንኳ ተፈርቶላት ነበር። ንጉሡ እንዳይገድላት የለመነላት ማን መሰላችሁ? ያው የተወችው ባሏ ነው። ይህን ነገር ሳነብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የሚቃወመን ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻ ጠላት ሆኖ አይቀርም ማለት ነው።

ከሞት ተርፋ ለኢየሱሳውያኑ አለቃ ለአፎንሶ ሜንዴዝ ተሰጠች። ብዙ ወራት ሊያሳምኗት ሞክረው አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ሱዳን ጠረፍ በረሃ ተጋዘች፤ ሦስት ዓመት ቆየች። ልብ በሉ፤ ካቋቋመቻቸው ሰባት የሃይማኖት ማኅበራት የመጀመሪያው የተጀመረው እዚያው በግዞት ሳለች ነው። «ከዚህ ስወጣ እሠራለሁ» አላለችም። ሰው ተከትሏት መጣ፤ የመጣውን ሰብስባ ማኅበር አደረገችው። በ1632 ብዙ ሺህ ሰው በጦርነት ካለቀ በኋላ አፄ ሱስንዮስ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አወጁ። እርሷም ሥራዋን ቀጠለች። በ1642 በኅዳር ወር በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ስትመነኩስ ጀምሮ ያልተለየቻት ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ በቦታዋ ተተክታ ማኅበሩን መራች። ከዚያም አፄ ፋሲል ለመታሰቢያዋ በጣና ዳር ቆራጣ ላይ መሬት ሰጡ። ገድሏ የተጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672 ነው፤ ያን ጊዜ የሚያውቋት ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ።

ሁለተኛዋ አስቴር ገኖ ናት። በ1872 ገደማ ነጻ ሆና ተወለደች፤ በልጅነቷ ግን የሊሙ ኢናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ተሽጣ ወደ ዐረብ አገር በጀልባ ስትወሰድ በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ነጻ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት። እዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብን አገኘች። እርሱም እንደ እርሷ ከባርነት ነጻ የወጣ ኦሮሞ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመተርጎም ሥራ ይዟል። ብዙም ሳይቆይ ይህች ልጅ የቋንቋ ስጦታ እንዳላት ተረዳ።

እስቲ አስቡት። ከቤተሰቧ ተነጥቃ፣ ተሸጣ፣ በባዕድ ባሕር ዳር የተገኘች ልጅ ናት። ከአገሯ ይዛው የወጣችው ሀብት ቋንቋዋ ብቻ ነበር። ያንኑ ሀብት አወጣችው። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ በ1893 የታተመው ሐዲስ ኪዳን በዚያ ተስተካከለ። 500 የሚሆኑ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ከልጅነት ትዝታዋ ጻፈች፤ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው መጽሐፍ ገቡ። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። በሽፋኑ ላይ ግን የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው።

በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሰች፤ በነቀምቴ መምህርት ሆነች። እዚያም ተቃውሞ ጠበቃቸው። በ1906 ኦኔሲሞስ በካህናት ተከሶ አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀረበ፤ ተጋዝ ተባለ። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ፣ ግን እንዳይሰብክ አዘዙ። ለመስበክ ፈቃድ ያገኘው በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ሥራው ቆመ? አልቆመም። ስብከት ሲከለከል ትምህርት ቤቱ ቀጠለ። ፊደል ማስቆጠርን የከለከለ አልነበረም፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ደግሞ በቋንቋው የተጻፈውን መጽሐፍ ራሱ ያነባል። አስቴር የኖረችው እስከ 1964 ነው። ከባሪያ ንግድ ጀልባ ተነሥታ ልጆች ስታስተምር አረጀች ማለት ነው።

ሦስተኛዋ ብዙዎቻችን በዘመናችን የምናስታውሳቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ናቸው። ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው «መንጋዬን ትቼ አልሄድም» ብለው ቀሩ። በሐምሌ 1979 አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 ነው። በዚያው ክረምት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል፤ የእርሳቸውም አስከሬን የተገኘው በ1992 ነው። ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ገዳይ።

ወይዘሮ ፀሐይ ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ያን ዘመን ያየን ሰዎች እስር ቤት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ቤተሰብ ስንቅ ያቀብላል። ስንቁን ይዞ በር ላይ የሚሰለፈው ማን ነበር? እናት፣ ሚስት፣ እኅት። የስንቅ ሳህን ይዞ ከጠዋት ጀምሮ መሰለፍ አገልግሎት አይባልም ነበር፤ በየትኛውም የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ በምዕራፍ አልተጻፈም። ግን ስንቱ ሰው በእርሱ ተረፈ!

በዚያው ዘመን፣ በ1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘግታ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ጀመሩ። ሲዘጋ አባላቱ 5,000 ገደማ ነበሩ፤ ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። በየቤቱ ስብሰባ ደግሞ በር የሚከፍተው፣ መጋረጃ የሚዘጋው፣ ጎረቤት ሲያንኳኳ ቡና የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እንግዲህ ከሦስቱ ምን እንማር? አራት ነገር ልበል።

አንደኛ፤ ተቃውሞ ስለ ደረሰብን ብቻ ትክክል ነን ማለት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሳይታወቅ የምንወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ ነው። ወለተ ጴጥሮስን ያሳደዱት ክርስቲያኖች ነበሩ። ኦኔሲሞስን የከሰሱት ክርስቲያኖች ነበሩ። በማኅበራችን ኦርቶዶክስ አለን፣ ፕሮቴስታንት አለን፣ ካቶሊክ አለን፤ ታሪክ ብናገላብጥ ሁላችንም ጋ የተሳደደ አያት አለን፣ ሁላችንም ጋ ያሳደደ አያት አለን። ስለዚህ የሚቃወመን ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የሚለው ነገር እውነት አለው ወይ?» ብለን ነው። ባል «ልጆቹ ሳይበሉ ውለዋል» ካለ፣ ያ ስደት አይደለም፤ ምሳ ነው። ፕሮግራማችንን ማስተካከል እንችላለን። «ክርስቶስን ተዪ፣ የታመመ አትጠይቂ» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛ፤ መጽናት ዱላ መቻል አይደለም። ወለተ ጴጥሮስ ወጥታ ሄደች። ሐዋርያው ጳውሎስ በደማስቆ ሊገድሉት ሲጠብቁት በቅርጫት በግንብ ተወርዶ አመለጠ፤ ማንም ፈሪ አላለውም። በፊልጵስዩስ ደግሞ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ በስውር ሊለቁት ሲሉ «ሮማዊ ነኝ፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን» አለ። በሕጉ ተጠቀመ ማለት ነው። በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ ማንም እኅታችን ስለ እምነቷም ይሁን ስለ ሌላ ነገር በቤቷ እየተመታች «ይህ መስቀሌ ነው» ብላ ዝም እንዳትል። ለእኛ ትንገረን። ሽማግሌ የሚፈታው ከሆነ ሽማግሌ እንልካለን፤ ሕግ የሚፈልግ ከሆነ አብረናት ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን። ዱላ ስትሸሽ ከእምነቷ የሸሸች አይምሰላት።

ሦስተኛ፤ አንዱ በር ሲዘጋ ሥራው በሌላ በር ይግባ። ስብከት ተከልክሎ ትምህርት ቤት ቀጠለ። ሕንጻው ተወርሶ ሳሎን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ግዞቱ ማኅበር ወለደ። «አንቺ ማን ነሽና ታስተምሪያለሽ?» ለተባለችው እኅቴ የምለው ይህን ነው። የሳሙኤልን እናት ሐናን አስታውሺ። በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። አልተሳደበችም፤ አልወጣችምም። በትሕትና «አልሰከርሁም፤ ልቤ አዝኖ ነው» ብላ አስረዳችው፤ በመጨረሻ ያው ካህን መረቃት። አንቺም አስረጂ። ካልሰሙሽ መድረኩን ተዪላቸው፤ ሥራውን ግን አትተዪ። በሰፈራችን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች አሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ በቤታቸው አለ፣ ማንበብ ግን አይችሉም። እነሱን ለማስተማር የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

አራተኛ፤ ብቻችሁን አትጽኑ። ወለተ ጴጥሮስ እኅተ ክርስቶስ ነበረቻት፤ አስቴር አብረዋት የተማሩ ልጆች ነበሯት፤ የታሰሩት ስንቅ የሚያመላልስላቸው ነበራቸው። ጳውሎስም ከፊልጵስዩስ እስር ቤት እንደወጣ በቀጥታ የሄደው ወደ ሐምራዊ ነጋዴዋ ወደ ልድያ ቤት ነው። ብቻዋን የጸናች ሴት አላየሁም፤ ብቻዋን ሆና የደነደነች ግን አይቻለሁ። የደነደነ ሰው ከውጭ ሲታይ የጸና ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ለሚቃወሙት ሰዎች መጸለይ ሲያቅተው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉት አባቶቻችን ማኅበራችንን ያዩ ይመስለኛል።

ስለ አስቴር አንድ ነገር ጨምሬ ወደ መዝጊያዬ ልሂድ። ስሟ ከሽፋኑ ላይ መቅረቱ ልክ አይደለም፤ ልክ ነው እንድትሉም አልፈልግም። ማኅበራችን ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ወጥ የሠራችውም፣ የታመመ ያስታመመችውም በስሟ እንድትመዘገብ እጠይቃለሁ። ግን አስቴር ስሟ እስኪጻፍ ድረስ ብዕሯን አላስቀመጠችም። «ሥራ ፈት» ለተባለችው እኅቴ ይህንን አስቢ እላታለሁ። ሰፈሩ ያወጣልሽ ስም ይጠፋል። አልጋ ላይ ሆና ፊትሽን ስታይ የበራላት ሴትዮ ግን ያንቺን ስም ታውቀዋለች።

ስለዚህ ንግግሬን በሦስት ጥያቄ ልጨርስ፤ ለአስተባባሪዎቻችንም ለሁላችንም ነው። አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም እኅት ለጉብኝት ብቻዋን አትውጣ፤ ሁለት ሁለት ሆነን እንውጣ፤ አንዷን ሲሳደቡ ሌላዋ ትሰማለች። ሁለተኛ፣ በረቡዕ ከሰዓት በኋላ የፊደል ትምህርት እንጀምር፤ መምህርቷን ሁላችንም እናውቃታለን። ሦስተኛ፣ «ቤትሽን ወይ ማኅበርሽን» የተባለችውን እኅታችንን ባለቤት ከመቃወማችን በፊት ሄደን እንስማው። ከእናቶቻችን ሁለቱ፣ ከባሎቻችንም አንዱ አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው። ምናልባት የሚፈራው ነገር አለ፤ ምናልባትም እኛ የምናስተካክለው ነገር አለ። ሰምተነው ሳለ በጉልበት የሚከለክላት ከሆነ ደግሞ ብቻዋን እንዳልሆነች እርሱም ይወቅ፣ እርሷም ትወቅ።

ሦስቱ እኅቶቼ፣ የመልቀቂያ ጥያቄያችሁ እስከ ሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይልን። ያን ጊዜም «አልችልም» ካላችሁ ማንም አይፈርድባችሁም፤ ቡናው ላይ ቦታችሁ አይነካም። ግን እስከዚያ ድረስ ሸክሙን ለእኛ አካፍሉን፤ ሥራውን ብቻ ያዙ።

እግዚአብሔር ያጽናን።